እምቢታ እና ኩርፊያ፦ ስለ ኦስካር ቨርነር ፀጉር

ባለፈው ወር አንድ ማታ፣ ኮድ የምንጽፍ ልጆች በተሰበሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጓደኛዬ አንድ ታሪክ ለጠፈ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ኦስትሪያዊ ተዋናይ ፊልም እየሠራ ሳለ ከዳይሬክተሩ ጋር ይጣላል። ተዋናዩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት ሊቀረጽ ሲል ፀጉሩን ተቆርጦ ከች አለ። ቀደም ብሎ ከተቀረጸው ጋር እንዳይገጥም፣ ዳይሬክተሩ እንዲያብድ። ከታሪኩ ስር «ሰው ማለት ይኼ ነው!» ይላል። ከዚያ ኢሞጂው ዘነበ፤ እሳት፣ ዘውድ፣ ጭብጨባ። አንዱ «ለማንም አለመንበርከክ እንዲህ ነው» አለ። ሌላው የሰውዬውን ፎቶ ፕሮፋይሉ አደረገው። እኔም አልዋሽም፣ እሳቷን ተጫንኳት።

ይኼ ጽሑፍ ከዚያች እሳት ጋር ጠብ ነው።

ሰውዬው ኦስካር ቨርነር ይባላል። ከዚያ ማታ በኋላ ሳላስበው የሥራዬ ያህል ያዝኩት፤ ፊልሞቹን ፈልጌ አየሁ፣ ስለሱ የተጻፈውን አነበብኩ። በመጨረሻ የገባኝና ያናደደኝ ነገር ይኼ ነው፦ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ሞትን ሊያስከትል ይችል የነበረ እምቢታ እያለ፣ እኛ ተሻምተን ያነሳነው ኩርፊያውን ነው።

አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። እምቢ ያለ ሰው እና ያኮረፈ ሰው በአንድ ቃል አይጠሩም። እምቢ ባይ ይፈራል፣ ይከበራል፣ ይፎከርለታል። አኩራፊ ግን ይባበላል፤ አልባበልም ካለም «ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል» ተብሎ ይተዋል። ስልካችንን ስንከፍት ግን ልዩነቱ ይጠፋብናል። እናቱ የሞተችበትም፣ እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል፤ እኛም ለሁለቱም እኩል እሳት እንለጥፋለን።

ከመጀመሪያው ልነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1922 ኖቬምበር ላይ ቪየና ውስጥ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ብሽሊስማየር ነበር፤ እንዲህ ያለ ስም ፖስተር ላይ እንደማይሆን ስለገባው ይመስለኛል ቨርነር ብሎ የወጣው። ገና 18 ዓመቱ ላይ ቡርግቴአትር ቀጠረው። ቡርግቴአትር ማለት ለጀርመንኛ ተናጋሪ ተዋናይ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የሚደርስበት መድረክ። ይኼ ልጅ በ1941 እዚያ ቆመ።

ዓመቱን ልብ በሉት። ኦስትሪያ ከ1938 ጀምሮ የሂትለር ግዛት ናት። የቡርግቴአትር ኃላፊ ሎታር ሙቴል ነው፤ ልጁን ያየውና የቀጠረውም እሱ ነው። በዚሁ መድረክ በ1943 ሙቴል የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» አዘጋጀ። አይሁዳዊውን ሻይሎክ እንዲጫወት የተመረጠው ቨርነር ክራውስ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ተመልካች እንዲጸየፈው ሆኖ ተሠራ። የቪየና አይሁዶች በባቡር እየተጫኑ ካለቁ በኋላ፣ የከተማዋ ትልቁ ቴአትር ለቀሪው ተመልካች አይሁዳዊን እንዴት መጸየፍ እንዳለበት አሳየ ማለት ነው። የዚያን ዘመን ትልቋ ኮከብ ፓውላ ቬሰሊ ደግሞ በ1941 «ሃይምኬር» የሚል ፊልም ላይ በመሪነት ተውናለች። ፖላንዶችን አውሬ፣ ጀርመኖችን ተበዳይ አድርጎ ወረራውን ትክክል ለማስመሰል የተሠራ ፊልም ነው።

እነዚህ ሰዎች ጭራቆች አልነበሩም። ሥራቸውን የሚወዱ፣ በሰዓቱ የሚመጡ፣ ቃለ ተውኔታቸውን በደንብ የሚያጠኑ፣ ከባልደረባ ጋር የሚስማሙ ባለሙያዎች ነበሩ። ዛሬ በሥራ ማስታወቂያ ላይ «በቡድን የመሥራት ችሎታ ያለው» የምንለው ዓይነት ሰዎች። ይኼን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ልጁ መድረክ ላይ በወጣበት ዓመት መጨረሻ ለውትድርና ተጠራ። መልኩ ናዚዎቹ የሚወዱት ዓይነት ነው፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ፊቱ የተቀረጸ የሚመስል። መኮንን ሊያደርጉት ፈለጉ። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ አልችልም ለማስባል ሆን ብሎ ጅል ሆነ። ከፈረስ ይወድቃል፣ የመድፍ ርቀት ሲያሰሉ የሱ ስሌት ይስታል። በመጨረሻ ድንች ላጭና ሽንት ቤት አጣቢ አደረጉት። በጎን ደግሞ ቲያትሩን ይሠራ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የአገሩ ምርጥ ወጣት ተዋናይ በሕይወቱ ከባዱን ትወና የሚተውነው ፈረስ ላይ ነው፣ ተመልካቾቹ ሻለቆች ናቸው፣ ትወናው ከተነቃበት ጭብጨባ የለም።

በ1944 ኤሊዛቤት ካሊና የምትባል ተዋናይት አገባ፤ በምስጢር። በናዚ ሕግ አጠራር «ግማሽ አይሁድ» ናት። ልጅ ወለዱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የጦር ልብሱን ጥሎ፣ ሚስቱንና ጨቅላዋን ይዞ፣ ከቪየና ዳርቻ ወዳለው ጫካ ኮበለለ። የቪየና ደን የሚባለው ነው፤ ዛሬ ሰዎች እሁድ እሁድ በእግር የሚንሸራሸሩበት። ጦርነቱ እስኪያልቅ እዚያ ተደበቁ። ክረምቱን፣ ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር። ኮብላይ ከተያዘ ቅጣቱ ሞት ነበር።

እምቢታ ይኼ ነው። ማንም አላየውም፣ ማንም አላጨበጨበም፣ በማግስቱ «ተመልከቱልኝ» የሚባልበት ነገር አልነበረም። ሊከፈል የሚችለውን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው፤ የሚድኑት ደግሞ ሌሎች ናቸው። በግሩፓችን ግን ስለ ጫካው አንድም ሰው አልለጠፈም። ጫካው ቪዲዮ የለውማ።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ፤ ከሁሉም ፊልሞቹ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ካርል ሃርትል የተባለ ዳይሬክተር «መለከት የያዘው መልአክ» የሚል ፊልም ሠራ። የአንድ የቪየና ፒያኖ ሠሪ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እስከ ናዚዎቹ ድረስ ይሄዳል። መሠረቱ ኤርንስት ሎታር የተባለ፣ በናዚዎቹ ምክንያት የተሰደደ አይሁዳዊ ደራሲ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። የቤቱ እመቤት ሄንሪየቴ ከአይሁድ ወገን ነች፤ የሂትለር ፖሊሶች በር ሲያንኳኩ ራሷን ታጠፋለች። ከልጆቿ አንዱ ሄርማን ናዚ ሆኗል።

እናትየዋን የተጫወተችው ማን ናት? ፓውላ ቬሰሊ። ያቺው የ«ሃይምኬር» ኮከብ። ናዚውን ልጅ የተጫወተውስ? ኦስካር ቨርነር፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው።

ይኼን ያነበብኩ ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። ለናዚ ፊልም የሠራችው ሴትዮ ፊቷን በእንባ አጥባ ሰለባ ሆነች፤ አይሁዳዊት ሚስቱን ይዞ ጫካ የገባው ልጅ ደግሞ ናዚ ሆነ። አዎ፣ ትወና ነው፤ አውቃለሁ። ኮከቧ ትልቁን ሚና ታገኛለች፣ አዲሱ ልጅ ትንሹን። የፊልም ሥራ አመዳደቡ እንዲህ ነው። ግን አንድ አገር ራሱን «እኔም የተበደልኩ ነኝ» ብሎ ለማሳመን ሲፈልግ ሚናዎቹን እንዴት እንደሚያከፋፍል በዚህ ፊልም ላይ ይታያል። ቬሰሊ ለአጭር ጊዜ ታግዳ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ እስከ እርጅናዋ የቡርግቴአትር ንግሥት ነበረች። ስለ እሷና ስለ ቤተሰቧ አፍ አውጥቶ የተናገረ ትልቅ ተውኔት የመጣው በ1980ዎቹ ነው፤ በኋላ ኖቤል የወሰደችው ኤልፍሪደ ዬሊኔክ «ቡርግቴአትር» ብላ ጻፈችው። ኦስትሪያ ውስጥ ትልቅ ቁጣ አስነሳ። የተቆጡት በፊልሙ ሳይሆን በተውኔቱ ነው።

ኮብላዮቹስ? ኦስትሪያ ከናዚ ጦር የኮበለሉ ሰዎች ላይ የተላለፈውን ፍርድ በሕግ ጠቅልላ የሰረዘችው በ2009 ነው። ቪየና መሐል፣ ከመሪዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ሐውልት የቆመላቸው በ2014። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ኦስትሪያዊ «ከሃዲ» ነበሩ። ቨርነር ሕጉ ከመውጣቱ 25 ዓመት ቀድሞ ሞቷል።

ስለዚህ በ1951 የሠራው የአሜሪካ ፊልም ዝም ብሎ የመጣ ሚና አይመስለኝም። «ከንጋት በፊት ውሳኔ» ይባላል፤ ዳይሬክተሩ አናቶል ሊትቫክ ነው። የተቀረጸው በቦምብ በፈራረሱት የጀርመን ከተሞች ውስጥ ነው፤ ፍርስራሹ ዲኮር አይደለም። ቨርነር የሚጫወተው የተማረከ ጀርመናዊ ወታደር ነው። ጦርነቱ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ለአሜሪካኖች ሊሰልል ይስማማና ተመልሶ ወደ ገዛ አገሩ ይገባል። ቅጽል ስሙ «ሃፒ» ነው፣ ፊቱ ግን አንድም ቦታ ደስተኛ አይደለም። ካያችሁት ከንግግሩ ይልቅ ዝምታውን እዩት፤ ሰው ሲያየው የሚያደርጋትን ትንሽ የትከሻ መኮማተር። ፈረስ ላይ ጅል መስሎ የኖረ ሰው የሚያውቃት መኮማተር ናት፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አነበብኳት።

ሆሊውድ ኮንትራት ሰጠው፤ ቃል የተገባለት ሚና ግን አልመጣም። ተመልሶ አውሮፓ ገባና ሊሕተንሽታይን በምትባለው ሚጢጢ አገር፣ ትሪዘን በሚባል መንደር ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝነኛው ዘመን ነው፣ ቶሎ ልለፈው። በ1962 የትሩፎ «ዡል እና ዢም»፤ እዚያ ውስጥ ጓደኛውንም ሚስቱንም ሳይጠላ የሚቀጥለው ለስላሳው ዡል እሱ ነው። በ1965 በአንድ ዓመት ሁለት ትልልቅ ፊልም፦ «የሞኞች መርከብ» ላይ ልቡ የታመመ የመርከብ ሐኪም፣ «ከብርዱ የመጣው ሰላይ» ላይ ፊድለር የሚባል አይሁዳዊ የምሥራቅ ጀርመን ሰላይ። በመጀመሪያው ለኦስካር ታጨ፣ በሁለተኛው ጎልደን ግሎብ ወሰደ። (ኦስካሩን የወሰደው ሊ ማርቪን ነው። ማርቪንም «የሞኞች መርከብ» ላይ አለ፤ ኦስካሩ ግን የተሰጠው በሌላ ፊልም ነው።)

እንግዲህ ወደ ፀጉሩ።

በ1966 ፍራንሷ ትሩፎ የሬይ ብራድበሪን «ፋራናይት 451» ሊሠራ እንግሊዝ አገር ገባ። የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፊልሙ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሠራው ብቸኛ ፊልሙም ነው፣ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረውም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ እሳት ማጥፋት ሳይሆን መጽሐፍ ማቃጠል የሆነበት አገር። ሞንታግ ከእነሱ አንዱ ነው፤ አንድ ቀን መጽሐፍ ሰርቆ ያነባል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል። ትሩፎ ማንበብ የተከለከለበት ዓለም መሆኑን ለማሳየት የፊልሙን የመክፈቻ ስሞች እንኳን በጽሑፍ አላወጣም፤ በድምፅ ነው የሚነገሩት። ሞንታግ ኦስካር ቨርነር ነው።

ከዚህ የተሻለ ለዚህ ሰው የተሰፋ ሚና ይኖራል? ከሚያቃጥሉት ጋር ዩኒፎርም ለብሶ፣ ከዩኒፎርሙ አምልጦ ጫካ የሚገባ ሰው! ሞንታግም በመጨረሻ ጫካ ነው የሚገባው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ሰዎች የተደበቁበት ጫካ።

ሁለቱ ሰዎች ሞንታግ ምን ዓይነት ሰው ነው በሚለው ላይ አልተስማሙም። ጠቡ እየከረረ ሄደ። ከዚያም፣ ተደጋግሞ እንደተጻፈው፣ ቨርነር ለመጨረሻው ትዕይንት ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የትኛውን ትዕይንት ነው ያበላሸው? የጫካውን! የራሱን ጫካ! የሞንታግ እምቢታ የሚጠናቀቅበትን ቦታ! ፊልሙ ውስጥ የትሩፎ ያልሆነ፣ ከማንም በላይ የቨርነር የሆነ ነገር ካለ ያ ትዕይንት ነው፤ በመቀስ የተቆረጠው እሱ ነው። ትሩፎ ምን አጣ? ተናደደ፣ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ ማስታወሻውን መጽሔት ላይ አወጣው። (ይኼም ኩርፊያ ነው፤ ከፈለጋችሁ ለሱም አታጨብጭቡለት።) ዋጋውን የከፈሉት ማታ ማታ ሁለት የማይገጥሙ ጭንቅላቶችን ሊያገጣጥሙ የተቀመጡት ኤዲተሮች ናቸው፣ ብርድ ላይ የቆሙት ሠራተኞች ናቸው። እና ከ60 ዓመት በኋላ እንደ እኔ ዓይነቱ ተመልካች፤ በፊልሙ ጫፍ ላይ ልቡ ሊሞላ ሲል «ፀጉሩ ምን ሆነ?» የሚለው።

የበለጠ የሚያሳዝነው፣ ትሩፎም ኮብላይ ነበር። በ18 ዓመቱ የፈረንሳይ ጦር ውስጥ ገብቶ፣ ሊኮበልል ሲል ተይዞ፣ የወታደር እስር ቤት ታስሮ ነው የወጣው። ሁለት ኮብላዮች፣ ስለ አንድ ኮብላይ ፊልም እየሠሩ፣ ተናንቀው የቀሩት በፀጉር ነው።

«አንተ ማን ነህና ትፈርዳለህ» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ያንን ፀጉር የተቆረጥኩ ሰው ነኝ።

ከ3 ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ የክፍያ ሲስተም እንሠራ ነበር። ኔትወርክ ሲቋረጥ ክፍያውን እንደገና የሚሞክረው ክፍል በደንብ አልተሞከረም፤ የቡድን መሪያችን ግን በዓል ከመድረሱ በፊት ይለቀቅ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርኩ። ተሸነፍኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ? «እሺ» አልኩ። ልክ እንደታዘዝኩት ሠራሁት። የት ጋ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚዘጋም አውቃለሁ፤ ግን አንድ መስመር ማስታወሻ እንኳን አልተውኩም። አርብ ማታ ለቀቅነው፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ ተኛሁ። ይሰበር እና ይዩት! ነው ነገሩ።

ተሰበረ። ሰዎች አንዴ በከፈሉት ሁለቴ ተቆረጠባቸው፣ ለበዓል ያስቀመጡት ብር። ያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ሥራ ከጀመረች 3 ወር ያልሞላት ልጅ ነበረች። እስኪነጋ ድረስ ብቻዋን ደንበኞችን ይቅርታ እየጠየቀች፣ ምን እንደተሰበረ ሳታውቅ፣ እያለቀሰች ነበር። መሪያችን ተኝቶ ነው ያደረው። ሰኞ ጠዋት «ብያችሁ አልነበር?» ልል ተዘጋጅቼ ገባሁ፤ ዓይኗን አየሁና አፌ ተያዘ። ማስታወሻው ቢኖር ኖሮ 10 ደቂቃ ነበር የሚፈጅባት። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም፤ ይኼን ካነበበች አሁን ታውቀዋለች።

«አልለቅም፤ ከፈለጋችሁ አባሩኝ» ብል እምቢታ ነበር። ያደረግኩት ግን ኩርፊያ ነው። እምቢታ ዋጋውን ባለቤቱ ይከፍላል፤ ኩርፊያ ግን ሂሳቡን ለተረኛ ይልካል።

እዚህ ላይ ግሩፑ ውስጥ አንዱ ልጅ ጥሩ አድርጎ ያዘኝ። «ፈረስ ላይ የወደቀውስ? እሱም እኮ ፊት ለፊት እምቢ አላለም፤ እሺ እያለ ነው ሥራ ያበላሸው» አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ መልስ አጣሁ። አሁን ያለኝ መልስ ይኼ ነው፦ እምቢ ስትል የሚገድልህ ሰው፣ እውነት ልትነግረው ግዴታ የለብህም። ሻለቃው ጥይት አለው፤ ትሩፎ ያለው ካሜራ ነው። ደግሞ ቨርነር ስሌቱን ያሳተው የመድፍ ነው፤ የሳተ ጥይት ያዳነው ሰው ይኖር እንደሆነ እንጂ የጎዳው የለም። እኔና ተዋናዩ በ1966 ግን አፋችን ነፃ ነበር። ጥሎ መሄድ ይቻል ነበር። እሺ ብሎ ማበላሸትን የመረጥነው፣ እምቢ ማለት ስለሚያስከፍለን ነው።

ይኼን ስል ግን ሌላኛው ወገን እንዳይደሰት። ስለ ቨርነር የሚጻፈውን ስታነቡ ሌላ የሚያስጠላ ዜማ አለ፦ «ተሰጥኦውን ያባከነ»፣ «አስቸጋሪ»፣ «ከዚያ ሁሉ ሚና ቢቀበል ኖሮ የት በደረሰ»። ብዙ ፊልም እምቢ ብሏል፣ እውነት ነው። ቲያትርን ከፊልም ያስበልጥ ነበር፤ ሃምሌትን በ1953 ፍራንክፈርት ላይ ተጫውቶ ስሙ ገነነ፣ በ1970 ደግሞ ሳልዝቡርግ ላይ ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተው። እነዚህን ፊልም ስላልሆኑ «የባከነ ጊዜ» ብሎ የሚመዘግብ የሂሳብ ሠራተኛ ምን ይባላል? ሰውን በውጤት ብዛት የሚለካ ማናጀር አውቃለሁ፤ በሳምንት ስንት መስመር ኮድ ጻፍክ ይላል። ያጠፋሁት 500 መስመር ከጻፍኩት 50 ይበልጥ እንደነበር አይገባውም። ያልተሠራ ፊልምም እንደዚያ ነው፤ አንዳንዱ እምቢታ ከሥራ ይቆጠራል።

«አስቸጋሪ» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁን መልሱልኝ። በ1943 ቡርግቴአትር ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ሄዶ የሠራተኛ ግምገማ ቢያደርግ፣ ክራውስ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ቬሰሊም እንደዚያው። ከቡድን ጋር የማይሠራ፣ ትዕዛዝ የማይገባው፣ ከፈረስ የሚወድቅ፣ አንድ ቀን ሳይናገር የሚጠፋ ተብሎ የሚጻፍበት ያ ልጅ ነው። ስለዚህ «አስቸጋሪ ሰው ነው» ስትሉኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለማን?» ነው። ለሻለቃው ነው ወይስ ለተረኛዋ?

የቨርነር ችግር፣ በእኔ ግምት፣ ይኼን ጥያቄ ራሱን መጠየቅ ማቆሙ ነው። ጫካ ውስጥ ሕይወቱን ያዳነችው እምቢታ ልማድ ሆነች። አንዴ እምቢ ብሎ ትክክል የነበረ ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ሲል ትክክል መሆኑን መመርመር ይከብደዋል። ከዳይሬክተር ተጣላ፣ ከቲያትር ቤት ተጣላ፣ ከተቺ ተጣላ። ሁሉም ሻለቃ መሰሉት። መጠጡ ደግሞ በላዩ ላይ መጣ፤ ስለ መጠጥ የሚያምር ነገር ልጽፍ አልፈልግም፣ የሚያምር ነገር የለውም። የመጨረሻ ፊልሙ በ1976 የወጣው «የተረገሙት ጉዞ» ነው፤ በ1939 ከ900 በላይ አይሁድ ስደተኞችን ጭና ወደብ ሁሉ የተዘጋባት «ሴንት ሉዊስ» የተባለች መርከብ ታሪክ። ከዚያ በኋላ ካሜራ ፊት አልቆመም።

በ1983፣ ዕድሜው 60 ሞልቶት፣ ከዳኑብ ዳር ቫሃው በሚባለው አካባቢ የራሱን ፌስቲቫል አዘጋጀ። የመረጠው የክላይስትን «የሆምቡርግ ልዑል» ነው። ትዕዛዝ ጥሶ ጦርነት ያሸነፈ፣ ትዕዛዝ በመጣሱ ሞት የተፈረደበት ወጣት መኮንን ታሪክ ነው። ወጣቱን ልዑል ራሱ ተጫወተው። አልሆነለትም፤ ተቺዎቹም አልማሩትም። እኔ ግን ይኼን ሳነብ መሳቅ አቃተኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ እንደዞረ ታያላችሁ፤ ያ ትዕዛዝ መጣስ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? 22 ዓመቱ ላይ መልሶታል። 60 ዓመቱ ላይ አሁንም ልብሱን ለብሶ ይጠይቃል።

በ1984 ኦክቶበር 21 ቀን ትሩፎ በጭንቅላት ዕጢ ሞተ፤ 52 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 23፣ ኦስካር ቨርነር ማርቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ልቡ ቆመ። ግጥምና ጽሑፍ በድምፁ ሊያነብ ነበር የሄደው፤ 61 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ትሪዘን ነው፣ ቤት በሠራባት መንደር።

ይኼን መጻፍ ከመጀመሬ በፊት «ፋራናይት 451»ን እንደገና አየሁት። መጨረሻው ላይ በረዶ ይወርዳል። የመጽሐፍ ሰዎቹ በዛፎቹ መሐል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፣ እያንዳንዱ የያዘውን ለራሱ እያነበነበ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። ሞንታግም ከመካከላቸው ነው፤ አዲስ ስለሆነ ገና እያጠና ነው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰውዬው እውነት ጫካ ውስጥ የኖረ ሰው መሆኑን እያወቅኩ ነው የማየው። ፀጉሩ አጭር ነው።